የሐሊማ እናት ምድጃ

መጋላ ሰፈር ውስጥ ልጅ ሳለሁ መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ያኔ አያቴ ፋኖሱን ለኩሶ ግቢው መሀል ምንጣፍ ላይ ይቀመጥና፣ የከሰሉ ፍም አመድ እየለበሰ ሲሄድ ተረት ይጀምርልን ነበር። ዕድሜውን በባቡር ሥራ ያሳለፈ ሰው ስለነበር ተረቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጓዛል። አንድ ምሽት ከከተማችን በላይ ያሉት የተራራው ዛፎች መጥረቢያ አስመርሯቸው፣ ሥሮቻቸውን እንደ ቀሚስ ሰብስበው አገር ጥለው ሲሄዱ፣ ዝናቡም የሚይዘው አጥቶ እየጮኸ ከተማ ሲገባ ነገረን። ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ እንዴት እንደሚያጓራ አውቅ ስለነበር ፈራሁ።

ተረቱን በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ተናገርኩት። መምህራችን ቲቸር አልማዝ በጣም ስለወደደችው ለሌሎቹ መምህራን አወራችላቸው፤ ከዚያ በኋላ ተረቱ ከክፍል ክፍል ይከተለን ጀመር። ሒሳብ ላይ አንድ ቤት የሚያነደውን እንጨት አሰላን፤ ጂኦግራፊ ላይ የደቻቱን መንገድ ከተራራው ጀምረን ሳልን፤ ሳይንስ ላይ ሣር ባለውና በሌለው አፈር ላይ ውሃ አፈሰስን። ታዲያ የሳይንስ መምህሩ «ተራራውን ማን አራቆተው?» ብለው ሲጠይቁ አንድ ልጅ «እንጨት ሻጮቹ» አለ። ክፍሉ በሙሉ ወደ ሐሊማ ዞረ። እናቷ እንጨት ሻጭ ነበረች። በማግስቱ ሐሊማ ትምህርት ቤት አልመጣችም።

ማታ ለአያቴ ነገርኩት። ፍሙን እየቆሰቆሰ፣

«እንጨት ካልሸጠች ምን ትሽጥ?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«መምህሮችሽን ጠይቂያ።»

ጠየቅኩ። ቲቸር አልማዝ ጥያቄውን ለሌሎቹ መምህራን ወሰደችው። መልሱ የመጣው በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነው፤ መምህሩ ጭቃና ያረጀ የበርሜል ቆርቆሮ አስመጥተው፣ ዙሪያው የተዘጋ፣ እሳቱን ከድስቱ ሥር የሚያቆይ ምድጃ አሠሩን። የመጀመሪያው ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን ጭድ ቀላቅለንበት ሲጸና ቲቸር አልማዝና እኔ ይዘነው ወደ ሐሊማ ቤት ሄድን።

እናቷ በሩ ላይ ቆማ አየችን። «ተራራውን ጠልቼው ዛፉን የምቆርጥ መሰላችሁ?» አለች።

«ልንወቅስሽ አልመጣንም» አለች ቲቸር አልማዝ። «ይሄን ሞክሪልን ብለን ነው።»

ምስር ጣደችበት። ወጡ ሲበስል ካዘጋጀችው እንጨት ግማሹ አጠገቧ ተርፎ ነበር። የተረፈውን ወደ ጎን አደረገችና «አሠራሩን አሳዩኝ» አለች።

እንጨቱን በአንድ ጊዜ አልተወችም፤ እየሠራች የምትሸጠውን ምድጃ ገዢ እስኪለምደው ድረስ ሁለቱንም ጎን ለጎን ትሸጥ ነበር። በኋላ ግን ለምድጃ ሰው ከሩቅ ሰፈር ይፈልጋት ጀመር። ሐሊማም ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች። በክረምቱ ተራራው ላይ ችግኝ ስንተክል በጉድጓድ ቁፋሮ ከእሷ ጋር የሚፎካከር አልነበረም።

ዛሬ እዚያው ከተማ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የዚያን ዓመት ስሌትና ካርታ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ስለ አፈርና ስለ ውሃ ሳነሳ ግን ዓይኔ የልጆቹን ፊት ይቃኛል፤ የአንዳቸው ቤት እንጀራ እኔ «ተዉት» በምለው ነገር ላይ የቆመ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ ሳገኝ ርዕሱን አልዘልም፤ ትምህርቱን የምጀምረው ከእሱ ቤት ነው።