የአደይ ለተብርሃን ሜስ

በቅርቡ አንድ እሑድ ልጄ ዮናስ ዓይደር ሰፈር ወዳለው ቤቱ ጠራኝ። እሱና ጓደኞቹ በየወሩ አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ እየተሰበሰቡ ወይን ይቀምሳሉ፤ «የወይን ክበብ» ብለው ስም አውጥተውለታል። ስደርስ ጠርሙሶቹን እስከ አንገታቸው ካልሲ አልብሰው፣ በየካልሲው ላይ ቁጥር ለጥፈው፣ ጠረጴዛው ላይ ደርድረዋቸው አገኘሁ። የትኛው የየት ወይን እንደሆነ ሳያዩ በምላሳቸው ብቻ ሊለዩ ነው።

«ካልሲዎቹ ታጥበዋል?» ብዬ ጠየቅኩ።

«አባባ ደግሞ! አዲስ ናቸው» አለች የልጄ ሚስት ሰብለ እየሳቀች። እሷ የደሴ ልጅ ስለሆነች በዚያ ቤት የሚነገረው አማርኛ ነው።

እንዲህ ያለ ጨዋታ አልወድም። መጠጥ ወይ ይጠጣል ወይ ይተዋል። ቢሆንም ማዕዘኑ ላይ ተቀምጬ አየኋቸው። አንዲት ራሔል የምትባል ነርስ ሦስተኛውን ቀመሰች፤ ዐይኗን ጨፈነች፤ «ይሄ የውጭ ነው፤ አሥር ዓመት የቆየ፤ ከፈለጋችሁ እምላለሁ» አለች። ካልሲው ሲወልቅ በየግሮሰሪው የሚሸጠው ርካሹ ወይን ሆኖ ተገኘ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። «ወይኔ ጉዴ! ተሳሳትኩ!» አለች፤ ከሁሉም አብልጣ የሳቀችውም እሷ ናት። ከዚያ ብርጭቆዋን ለአራተኛው ዘረጋች። በቃ፣ አለቀ። ማንም አልተጎዳ።

እኔ አልሳቅኩም። ዮናስ አየኝና «አቦይ፣ ደከመዎት እንዴ?» አለኝ።

«እወ፣ ደክሞኛል» አልኩት። እውነቴን ነበር፤ ድካሙ ግን የዚያ ቀን አልነበረም።

የጀመረው ሃያ ሦስት ዓመቴ ሳለ ነው። ከከተማው ሰሜን በኩል፣ ወደ ውቅሮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ አናጢ ነበርኩ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ከዚያ በኋላ ያወቅኩትን ሁሉ ያወቅኩት ከተዋስኳቸው መጻሕፍት ነው። ራሱን ብቻውን ያስተማረ ሰው አንድ ችግር አለበት፤ ፈታኝ ስለሌለው ሁልጊዜ ራሱን ያሳልፋል። ስለ ንብ እርባታ የምትናገር፣ ሽፋኗ የተገነጠለ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ነበረችኝ። እሷን ካነበብኩ በኋላ ሜስ ቤት በገባን ቁጥር (ሜስ የምንለው ጠጁን ነው) ብርሌውን አፍንጫዬ ሥር ይዤ ማሩ የደጋ ነው፣ የቆላ ነው፣ ጌሾው በዝቷል እያልኩ እፈርድ ጀመር። አንዳንዴ ልክ ሆኜ ተገኘሁ። ጓደኞቼም «ምላሱ» የሚል ስም አወጡልኝ። ስሙን ወደድኩት። ሰው በወጣትነቱ በአንድ ነገር ዐዋቂ ሲባል፣ ያ ነገር የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ እንደ ሹመት ይቆጥረዋል።

ከጓደኞቼ ሁሉ የምቀርበው ኃይለን ነበር። የከባድ መኪና ረዳት ነበር፤ ሳቂታ፣ ለሰው ሟች። እናቱ አደይ ለተብርሃን ባላቸው ከሞተ በኋላ ሜስ እየጣሉ ነው ያሳደጉት። ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር «ኪዳነ ወደይ»፣ ማለትም ልጄ ኪዳነ፣ እያሉ ሳያበሉ አይለቁኝም ነበር። ሜሳቸው በሰፈሩ ይታወቃል እንጂ ለትልቅ ድግስ ተጠርተው አያውቁም።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ ካሳይ የሚባል የሥራ ባልደረባችን ሠርግ ደረሰ። አባቱ አቦይ ተክላይ በከተማው የተከበሩ እህል ነጋዴ ናቸው። ለሠርጉ የሚሆነውን ሜስ ከሁለት ሴቶች ጋን ሊያማርጡ አሰቡ፤ አንዷ ለትልልቅ ድግስ የሚጥሉ የታወቁ ሴት፣ ሁለተኛዋ አደይ ለተብርሃን። የአቦይ ተክላይ ሠርግ ላይ ሜሷ የተቀዳላት ሴት ከዚያ በኋላ ሥራ ፈልጋ አትዞርም። ይህንን ሁላችንም እናውቃለን።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አቦይ ተክላይ ግቢ ተሰበሰብን። የጥር ፀሐይ ታቃጥላለች፤ ጥላው ደግሞ ይበርዳል። መጀመሪያ ጥሕሎ ቀረበልን። የገብሱን ድቡልቡል በእንጨት እየወጋን፣ በርበሬ በበዛበት የሥጋ መረቅ እየነከርን በላን። ከዚያ ሁለት ማሰሮ ሜስ ወጣ።

«ምላሱ ይቅመስ!» አለ አንዱ።

«የጓደኛው እናት አለችበት፤ ያዳላል» አለ ሌላው።

ያን ጊዜ ኃይለ ራሱ ብድግ አለ። «እንግዲያው ዐይኑን እንሰረው! የእናቴን ሜስ የሚፈራ የለም» አለና ነጠላውን አጣጥፎ በገዛ እጁ ዐይኔን አሰረኝ። ጀርባዬንም መታ አደረገኝ።

የመጀመሪያውን ቀመስኩ። ቀይ ማር፣ ጠንካራ ጌሾ፣ ጉሮሮ የሚይዝ። «ይህ ሜስ ነው» አልኩ። ሁለተኛውን ቀመስኩ። ለስላሳ ነው፤ ቀላል ነው፤ የማውቀው የማር ሽታ የለበትም። ጣፋጭነቱ ምላሴ ላይ አረፈና ጠፋ። ምላሴ ገና በበርበሬው ይለበለብ ነበር፤ ውሃ ስጡኝና ደግሜ ልቅመስ ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ሃያ ሰው ትንፋሹን ይዞ እየጠበቀኝ ነው።

«ይሄ ስኳር ነው» አልኩ። «ማር በአጠገቡ አላለፈም።»

ሳቅ ጠብቄ ነበር፤ የሳቀ የለም። «እርግጠኛ ነህ?» አሉ አቦይ ተክላይ።

«ምላሴን ይቁረጡት!»

ነጠላውን የፈታልኝ ኃይለ ነው። ፊቱን አየሁ፤ የማን እንደነበር ገባኝ። አልሰደበኝም፣ አልተከራከረኝም። ነጠላውን ቀስ ብሎ አጣጠፈ፣ ማሰሮውን አነሣ፣ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን አደይ ለተብርሃን እንጨት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው አየሁ። «ኪዳነ ወደይ፣ ለትንሽ ጊዜ ከእኔ ጋር ና» አሉኝ። ሰጋቱራውን ከልብሴ እያራገፍኩ ተከተልኳቸው። ቤት ስንደርስ ከአልጋ ሥር አንድ ቆርቆሮ ስበው ክዳኑን ከፈቱ። ነጭ ማር ነበር፤ የረጋ፣ እንደ ቅቤ የነጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ነጭ ማር የሚበላ ማር ነው። ለእንግዳ ይቀርባል፣ ለታመመ ይሰጣል፣ ለዘመድ በስጦታ ይላካል። ከውድነቱ የተነሣ ሜስ ውስጥ የሚጨምረው ሰው አይቼም ሰምቼም አላውቅም ነበር። አጽቢ ያለው ወንድማቸው በኅዳር የቆረጠውን፣ ሸጦ ልጆቹን ሊያለብስበት የነበረውን፣ «እንዲያልፍልሽ» ብሎ ሰጣቸው። እሳቸውም ቆርቆሮው ውስጥ ከቀረችው በቀር ሁሉንም ለዚያ አንድ ሠርግ ጋን ውስጥ ጨመሩት። ሜሱ ለስላሳ የሆነው፣ የለመድኩት ሽታ ያልነበረበት፣ ለዚህ ነው። እኔ ሰምቼው በማላውቅ ልግስና የተሠራውን ነገር ማጭበርበር አልኩት።

«ቅመስ» አሉኝ። በጣቴ ቀመስኩ። ያው የሁለተኛው ማሰሮ ጣዕም ነው።

«አልተቀየምኩህም» አሉ። «የሜስ ነገር አያልቅም፣ ሰው ይሳሳታል። አንተ ብቻ ለአቦይ ተክላይ ያየኸውን ንገራቸው። ሠርጉ እኮ ገና ዐሥር ቀን አለው።»

«እሺ አደይ» አልኩ። ጉልበታቸውን ሳምኩና ወጣሁ።

ከእሳቸው ቤት እስከ አቦይ ተክላይ ግቢ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። የምናገረውን እያጠናሁ ሄድኩ። ስደርስ ወንዶቹ ዳስ ይጥላሉ። አቦይ ተክላይ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ይኸውላችሁ ጀግናችን! ይህ ልጅ ባይኖር በሠርጋችን ስኳር አጠጥተን ተዋርደን ነበር!» አሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን አቀፉኝ። አቦይ ተክላይም «የመጣኸው በደኅና ነው?» አሉኝ።

«ዳሱን ላግዝ ብዬ ነው» አልኳቸው።

እስኪመሽ ምሰሶ ስተክል ዋልኩ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በማግስቱም ነገ አልኩ። ሠርጉ ሆነ፤ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ጨፈርኩ። የበርበሬውን ነገር ሳነሣ ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም። በመቅመሱ ላይ የተሳሳተው ምላሴ ነው። በዳሱ ሥር ዝም ያለው ግን እኔ ነኝ።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። አደይ ለተብርሃን ዘንድ ለክርስትናና ለማኅበር ያዘዙት አንድ በአንድ ቀሩ። በዓመቱ ሜሱን ትተው በርበሬና ሽሮ እያዘጋጁ መሸጥ ጀመሩ፤ እስከ ሞታቸውም እሱን ሠሩ። ከኃይለ ጋር ደግሞ እግዚአብሔር ይመስገን ተባብለን የምንተላለፍ ሰዎች ሆንን። ተጣልተን ቢሆን ኖሮ እንታረቅ ነበር።

እኔም ልጆች ወለድኩ። ስታጠፉ ቶሎ ተናገሩ እያልኩ በቁጣም በቀበቶም አሳደግኳቸው። ይህን ከየት እንደተማርኩት ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

ከዚያ የወይን ቀን በኋላ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ባጃጅ ይዤ ኃይለ ቤት ሄድኩ። ጡረታ ወጥቷል፤ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። አጠገቡ ተቀመጥኩና «ኃይለ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ስለ እናትህ ሜስ ልነግርህ መጥቼ ነው» አልኩት።

«ነጭ ማር ነበር» አለ።

«ታውቅ ነበር?»

«ያን ቀን አንተ እንደወጣህ ነገረችኝ። ኪዳነ አይቷል፣ ይናገራል አለች። ጋኑን ከድና እስከ ሠርጉ ጠዋት ጠበቀችህ። ልሸጠው ስላት፣ ተው፣ ልጁ አፍሮ ነው እንጂ ይመጣል እያለች ሠርጉ ካለፈም በኋላ ቆየች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሆመጠጠ። ከጓሮ ደፋነው።»

ዞር ብሎ ሳያየኝ «አሁን የመጣኸው ለእሷ ነው ወይስ ለራስህ?» አለኝ።

ልዋሽ አልፈለግኩም። «ለራሴ ነው» አልኩት።

«ደግ» አለና ወንበሩን ወደ ጥላው አስጠጋ። ከዚያ ስለ ጉልበቱ ሕመም አወራን።

ስመለስ በእግሬ ሄድኩ። ያን የጥር እሑድ አቦይ ተክላይ ግቢ የነበሩትን በሐሳቤ እየቆጠርኩ ነበር። አቦይ ተክላይ ከሞቱ ቆይተዋል። ካሳይም የለም። ሌሎቹ ከፊሎቹ በዕድሜ፣ ከፊሎቹ በቅርቡ በደረሰብን መከራ አልፈዋል፤ የተሰደዱም አሉ። ቃሌን የሰሙ ሁሉ እንደሰሙት ይዘውት ሄደዋል። ማስተባበያዬን የሚሰማ የቀረው አንድ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ከመጀመሪያው እውነቱን ያውቅ ነበር። ሰው ጥፋቱን ለመናገር ጊዜ ያለው ይመስለዋል። ጊዜውስ ይኖረው ይሆናል፤ ሰሚው ነው የሚያልቀው።

ስለዚህ አደይ ለተብርሃንን ለማታውቁ ለእናንተ ጻፍኩት። ሜሳቸው ማር ነበር።