ሰልማ እንጀራ የበላች ቀን

ጦርነቱን ሸሽተን ከካርቱም የወጣነው ልክ ሲመሽ ነበር፤ የሦስት ዓመቷ ልጄ ሰልማ እራቷን እንቢ ብላ፣ እኔም ለመለመን ጊዜ አጥቼ። ባለቤቴ ከድር ጋራዡን ዘግቶ እንደሚከተለን ነግሮኝ አውቶቡስ ላይ አሳፈረን። አላለቀስኩም። መተማ ስንደርስ ሰው መሬት ይስማል፣ እኔ ለልጄ ዳቦ እፈልጋለሁ።

አዲስ አበባ፣ ለሚ ኩራ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። እናንተ ካርቱም የቀራችሁ፣ ልጆቻችን ከጎረቤት ልጆች ጋር አንድ ትሪ ከበው ሲበሉ ማን በላ ማን ተወ የሚል ነበር? እዚህ ሰው ሁሉ የሰልማን አፍ ያያል። እንጀራ እኛ ቤት ለበዓል ብቻ ስለነበር ልጅቷ ከፉልና ከዳቦ ሌላ አታውቅም። እንጀራ ስትቀምስ ፊቷን አጨማድዳ "ማ አይዛ!" ትላለች፤ በዐረብኛ አልፈልግም ማለቷ ነው።

"ማንን ነው አይዞሽ የምትለው?" አሉኝ አከራዬ እትዬ በላይነሽ።

"አልፈልግም እያለች ነው፣ እትዬ።"

"እንጀራን? የማን አገር ልጅ ናት!" ብለው ትልቅ ጉርሻ አፏ ውስጥ ከተቱ። ሰልማ ቀሚሳቸው ላይ አስመለሰች።

ወረዳ መታወቂያ ልጠይቅ ስሄድ ሠራተኛው ከምሳ ዕቃው እንጀራ ቆርሶ ሰጣት፤ ተፋችው።

"ኢትዮጵያዊት ለመሆንሽ ሦስት ምስክር አምጪ" አለኝ።

"ለእሷስ?"

"እሷማ መጀመሪያ እንጀራ ትልመድ።"

ሳቀ፤ አብሬው ሳቅኩ።

ልጅቷ እየከሳች ስትሄድ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ "አታስገድጃት፤ አቅርቢላትና ዞር በይ" አለችኝ። ዞር ማለት አልከበደኝም። ከመጣሁ ወዲህ ከሁሉም ነገር ዞር ብዬ ነው የምኖረው።

ቦሌ አንድ ሆቴል አልጋ ማንጠፍ ስጀምር እትዬ በላይነሽ ልጅቷን ይይዙልኝ ጀመር። አንድ ቀን ስመለስ ሰልማ ከልጅ ልጃቸው ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጣ እንጀራ በሽሮ ትበላለች።

"ዝም በያት፣ እንዳታያት" አሉኝ በሹክሹክታ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ገብቼ ጫማዬን አወለቅኩ።

በማግስቱ ፉል ሠራሁላት፣ በሰሊጥ ዘይት፣ ልክ እንደ ካርቱሙ። ቀመሰችና ሳህኑን ገፋችው። "አልፈልግም" አለች፣ በአማርኛ።

ማታ ከድር ደወለ።

"ሰልማ ትበላለች?"

"ትበላለች።"

"ፉል?"

"እንጀራ።"

"አንቺስ?"

ፉሉ ሳህኑ ላይ ደርቋል።

"እኔም" አልኩት። መቼ እንደሚመጣ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም።