የተፈታው ዝምዝማት

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ በልብስ ሰፊዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር እሠራ ነበር። አንድ ቀን ሊቀመንበራችን ጥቅል ጥቅል አቡጀዴ አስወረደና «ረጅምም አጭርም አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ነገ ኮምቦልቻ መጠለያ ይሄዳል» አለን። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው «ጓዲት፣ አንቺ የታዘዝሽውን ቁረጪ!» ብሎኝ ወጣ። ለእሱ እኛና የስፌት መኪናዎቹ አንድ ነበርን።

የተራበ ሰው ሊለብሰው ነው ብለን ሆዳችን ባባ። ረጃጅሞቹ ነጠላ፣ አጫጭሮቹ የሕፃን ማቀፊያ መሰሉን። ቆርጦ ብቻ መስጠቱ አላስችል ቢለን፣ እንዳይተረተር ብለን ጠርዙን ዙሪያውን ዘመዘምነው። እኔማ አንዱ አጭር ጨርቅ ጥግ ላይ ትንሽ ቀይ አበባ ጠለፍኩበት።

በማግስቱ ሊረከቡ ከመጠለያው የመጡት አንድ ሽማግሌ ሼህ ነበሩ። ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ በቀስታ «ልጆቼ፣ አላህ ጀዛችሁን ይክፈላችሁ። ግን ከፈን እኮ አይሰፋም» አሉን።

የሬሳ መጠቅለያ ኖሯል ስንሰፋ የዋልነው።

ያ ሊቀመንበራችን አንዲት ቃል ቢተነፍስ ምን ነበረበት? ብናውቅ እናለቅስ ነበር፤ ግን እያለቀስን በወጉ እንቆርጠው ነበር። ሁላችንም ተቀምጠን የሰፋነውን መፍታት ጀመርን። ቀዩን አበባ ስፈታ ሼሁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ክሩ ወጣ። የመርፌው ቀዳዳ ግን ጨርቁ ላይ አበባ እንደሆነ ሄደ።