ከሦስተኛው ፎቅ በታች የቆመው ወንበር

የወንበር እግር ሲሚንቶ ሲፍቅ የሚያወጣው ድምፅ አሁንም ያስደነግጠኛል። ባለፈው እሑድ ዙሪክ አጠገብ ባለችው ኡስተር ከተማ፣ የልጄ ቤት ደረጃ ላይ ስሰማው ቆሜ ቀረሁ። እርጥብ ሲሚንቶና ሳሙና የሚሸተው «ለ ሊኞን» የሚባለው የድሮ መኖሪያ ሕንፃችን ደረጃ ፊቴ ድቅን አለ።

ያኔ ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቫ ነበርን፤ እኔ ወጣት፣ ልጄ የአራት ዓመት። ቀኝ እግሬን በሕፃንነቴ ልምሻ መትቶኛል፤ ሸክሙን ሁሉ የቻለው ግራው ነው። የሕንፃው አሳንሰር ለጥገና በቆመ ጊዜ፣ ከሕፃናት መዋያ ደክሟት የምትመለሰውን ልጄን አዝዬ አምስት ፎቅ እወጣ ነበር።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ከአዲስ አበባ የመጡ ጡረተኛ ነበሩ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ትንፋሼ ቤታቸው ድረስ ይሰማ ነበር መሰለኝ፣ አንድ ቀን የወጥ ቤት ወንበራቸውን እየጎተቱ አውጥተው ደረጃው መታጠፊያ ላይ አቆሙት።

«ተቀመጪ ልጄ።»

«ደህና ነኝ እትዬ።»

«እግርሽ እንደዚያ አይልም። ወንበሩ እኮ አይናከስም።»

ልጄ ከጀርባዬ ወርዳ ተቀመጠችበት። እኔ ግድግዳውን ተደገፍኩ። የምፈራውን አልነገርኳቸውም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ደብዳቤ የሚያነብልኝ ሰው ነበር። ቁጭ ብዬ ያየኝ ሰው «ይቺ ልጅ ማሳደግ አትችልም» ብሎ ለመንግሥት ይጽፍብኛል፣ ልጄን ይወስዱብኛል ብዬ ነበር የምፈራው። እንዲህ ያለኝ ማንም የለም። ግን ፈራሁ። አሳንሰሩ ከተሠራም በኋላ ሥራ ቦታም ትራም ውስጥም ቆሜ ኖርኩ።

እትዬ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጬ ሳያዩኝ አረፉ።

ዛሬ ዙሪክ፣ ለልጄ ቀረብ ብዬ ነው የምኖረው። ደህናው እግሬም መዛል ጀምሯል። የምታክመኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንደ እኔ በልጅነታቸው ልምሻ፣ ማለትም ፖሊዮ፣ የያዛቸው ሰዎች ሲያረጁ ጡንቻቸው እንዲህ እንደሚደክም ነገረችኝ። «ከደከመዎት በኋላ ሳይሆን፣ ሳይደክምዎት ይረፉ» ያለችውን ልጄ ተረጎመችልኝ። ባለሙያዋ የማርፍበትን ሰዓት እንደ መድኃኒት በወረቀት ጻፈችልኝ። ወረቀቱ ከቦርሳዬ አይለይም፤ ከመቀመጤ በፊት ግን አሁንም ዙሪያዬን አያለሁ።

ከሕክምናው ስንመለስ፣ ባቡር ውስጥ የእትዬን ወንበርና ያን የድሮ ፍርሃቴን ለልጄ ነገርኳት። በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረች።

በዚያ እሑድ ደረጃውን ስወጣ፣ ወንበር እየጎተተች ከቤቷ ወጣችና ደረጃው መታጠፊያ ላይ አቆመችው።

«ተቀመጪ እማዬ» አለችኝ። «አሁን ማንም አይወስደኝም።»

ተቀመጥኩ። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ጠበቀችኝ።