ሁለቱ ፋጡማዎች

ባለፈው ሳምንት ሰመራ ውስጥ የስኳር መድኃኒቴን ልወስድ ተሰልፌ ነበር። ልጄ እዚህ ሥራ ከያዘች ወዲህ አዋሽ ያለችውን ቤቴን አከራይቼ ከእሷ ጋር ነው የምኖረው። ገና ጠዋት ነበር፤ የሰመራ ጠዋት ግን ለስሙ ነው ጠዋት የሚባለው፣ የባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ታከው ይቆማሉ። ተራዬ ደርሶ ወደ መስኮቱ ስጠጋ ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ ስሜን ከነአባቴ ጠራች። ከዚያ መድኃኒቱን በእጇ እንደያዘች፣ ሳትሰጠኝ፣ «የአያት ስም?» አለችኝ።

መልሱ ከአፌ አልወጣም። ረስቼው አይደለም፤ አያቴ የታወቁ የመንዝ ሰው ናቸው፣ ስማቸውን እንኳን እኔ ልጆቼም ያውቁታል። ከኋላዬ አንዱ «አባባ፣ ፀሐዩ ጨረሰን እኮ» ብሎ አጉረመረመ። ልጅቱ ጥያቄዋን ደገመችው። እኔ ግን እዚያው ቆሜ የማየው ሌላ መስኮት ነበር፤ ባቡሩ ገና በሚያፏጭበት ዘመን፣ አዋሽ ከተማ የነበረውን የጤና ጣቢያችንን መስኮት።

አባቴ ወደ አዋሽ የወረደው ለሐዲድ ጥገና ሥራ ነው። እኔ ግን እዚያው ተወልጄ፣ ወንዝ ዳር ከአፋር ልጆች ጋር ስራገጥ ስላደግኩ ቋንቋቸውን መቼ እንደለመድኩት እንኳ አላስታውስም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ስቀመጥ ይኸው ቋንቋ እንጀራ ሆነኝ። ጤና ጣቢያው አስተርጓሚ ይፈልግ ነበር፤ የአስተርጓሚ መደብ ግን ስላልነበረው በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠርኩና ሐኪም አጠገብ ተቀምጬ ስተረጉም እውል ጀመር። እናቴ ለጎረቤት «ልጄ እኮ ሐኪም ቤት ነው» ስትል መጥረጊያውን ወደ ኋላዬ ደበቅ አደርግ ነበር።

ሲስተር ዘውዴን ያወቅኳት እዚያ ነው። ከደብረ ብርሃን የመጣች ነርስ ነበረች፤ ጠይም፣ አጠር ያለች፣ ስትቆጣም የምትስቅ የምትመስል ሴት። ከዚያ ብርድ ወጥታ አዋሽ ስትገባ የመጀመሪያውን በጋ ያሳለፈችው ነጠላዋን ውሃ ውስጥ እየነከረች፣ እሱን ለብሳ በመተኛት ነው። እሷ ከመምጣቷ በፊት የአፋር ሴቶች ጤና ጣቢያውን የሚያውቁት ከሩቅ ነበር። ሲስተር ግን ቁጭ ብላ አልጠበቀቻቸውም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔን አስከትላ ወደ መንደራቸው ትወርዳለች፤ ከሰሌን ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጣ የሰጧትን የግመል ወተት ትጠጣለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ በኋላ ድገሙኝ ማለት ጀመረች። ስለ መድኃኒት አትሰብክም፤ ስለ ልጆቻቸውና ስለ ፍየሎቻቸው ትጠይቃለች። እንዲህ እንዲህ እያለች አግዳሚ ወንበሮቻችንን ሞላቻቸው።

ያ ነገር የሆነው በጥቅምት ነው። ክረምቱን ደጋ ላይ የዘነበው አዋሽን ሞልቶት፣ ወንዙ ሲጎድል ዳር ዳሩን ኩሬ ትቶ ስለሄደ ወባ ተነስቶ ነበር። ቀኑ ደግሞ የገበያ ቀን ነው። ግቢው ውስጥ የፍየልና የላብ ሽታ፣ የሐብሐብ ልጣጭ፣ የሕፃናት ልቅሶ ተደባልቋል። መድኃኒት አዳዩ ራሱ ወባ ይዞት ስለተኛ መስኮቱ ላይ የቆመችው ሲስተር ዘውዴ ነበረች፤ እኔ ውስጥ ምርመራ ክፍል እተረጉማለሁ። በወረቀት የተጠቀለለውን መድኃኒት እያነሳች ስምና የአባት ስም ትጠራለች፤ የተጠራው ሲመጣ በጣቶቿና በለመደቻት ትንሽ አፋርኛ አወሳሰዱን ታሳያለች።

«ፋጡማ አሊ» ብላ ጠራች።

በዚያ ሸለቆ ፋጡማ አሊ የሚባሉ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ በዚያን ቀን አግዳሚው ላይ ሁለት ነበሩ። አንዷ የከተማው ባለሱቅ ሚስት ናት፣ ስኳር ያለባት፣ ክኒኗን ከያዘች ዓመታት ያለፋት ጎልማሳ ሴት። ሌላዋ ከአዋሽ አርባ በታች ካለው መንደር ልጃቸው በግመል ያመጣቸው፣ ወባ ያንቀጠቀጣቸው አሮጊት ናቸው። የተጠራችው ጎልማሳይቱ ነበረች። ተነሳች። ግን አሮጊቷም በስማቸው ሲጠሩ በዱላቸው ተደግፈው ተነስተዋል። አፋር ዘንድ ደግሞ ታላቅን ቀድሞ እጅ መዘርጋት ነውር ነው። ጎልማሳይቱ ሁለታችንም ይደርሰናል ብላ፣ «ኢና፣ አንቺ ቅደሚ» አለቻቸው፤ እናቴ ማለቷ ነው። አሮጊቷ መርቀዋት ቀደሙ። ሲስተር የስኳሩን መድኃኒት ሰጥታቸው፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ ብላ በጣቷ አሳየቻቸው። ሁለተኛው ፋጡማ አሊ ሲጠራ ጎልማሳይቱ ቀርባ የወባውን ተቀበለች። ልጃቸው ፍየል ሸጦ ሲመለስ እናቱን ግመሉ ላይ አወጣና ሄዱ።

በማግስቱ ከቀትር በፊት የባለሱቁ ሚስት ቤቷ የፈታችውን የመድኃኒት ጥቅል ይዛ ተመለሰች። «ይሄ የኔ አይደለም፤ የኔን አውቀዋለሁ» አለች። ሲስተር ዘውዴ ወረቀቱን ከፍታ አየች። ከዚያ እኔን ጠርታ፣ ትናንት እንዴት እንደሆነ በደንብ እንድጠይቃት አዘዘችኝ። ሴትየዋ ያለ ምንም ክፋት፣ አሮጊቷን ማስቀደሟን ነገረችን። ስተረጉም የሲስተር ፊት አመድ ሲመስል አየሁ። ወባ የምግብ ፍላጎቱን የዘጋበት ሽማግሌ ሰው የስኳር ክኒን ሲውጥ ምን እንደሚሆን እኔ አላውቅም፤ እሷ ታውቃለች፤ በደሙ ያለው ስኳር ተሟጦ፣ እንደተኛ ሊቀር ይችላል።

ኃላፊያችን ፈሪ እንጂ ክፉ ሰው አልነበረም። የጤና ጣቢያውን መኪና እንዲሰጣት ብትለምነው እምቢ አላት። አሮጊቷ ደህና ሊሆኑ እንደሚችሉ፣ ሄዶ ነገር መቀስቀስ ግን ጤና ጣቢያውን ባዶ እንደሚያስቀረው ነገራት። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ሲስተር። ሆድ ይፍጀው» አለ። እሷ ግን የወባውን መድኃኒትና ስኳር በፌስታል ቋጥራ ወደ አስፋልቱ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። ወደ ገዋኔ የሚያልፍ የጭነት መኪና አዋሽ አርባ አወረደንና ወደ ወንዙ በእግር አቀናን። መንገድ ላይ አንዴ «ስኳሩን በውሃ በጥብጠው ቢያጠጧቸው...» ብላ ጀምራ ተወችው።

መንደሩ ስንደርስ ከግራር ሥር ወንዶች ተቀምጠው ነበር። ከእነሱ ጀርባ፣ ከፍ ካለው ቦታ ላይ፣ አዲስ የተከመረ ድንጋይ አየሁ። ሲስተርም አይታው ኖሮ እግሯ ቆመ። አሮጊቷ ጠዋት አልነቃ ብለዋቸው፣ ፀሐይ ከፍ ሳይል አርፈው፣ እንደ ወጉ ወዲያው ተቀብረዋል።

የአሮጊቷ ልጅ ሐመዱ ይባላል፤ ቀጠን ያለ፣ ጢሙ ገና መሸበት የጀመረ ሰው። ተነስቶ ተቀበለን፣ አስቀመጠን፣ ከዚያ ዳጉ ጠየቀን። አፋር ከሰው ሲገናኝ ከሁሉ በፊት ዳጉ ይለዋወጣል፤ ከየት እንደመጣ፣ በመንገዱ ያየውን፣ የሰማውን፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል። ያ ወሬ ከሰው ሰው እየተቀባበለ በቀናት ውስጥ ሸለቆውን ያዳርሳል። ዳጉ ላይ የዋሸን ሰው ከዚያ ወዲያ የሚሰማው የለም።

ሲስተር ዘውዴ ወደ እኔ ዞረች። «እንደምልህ ንገረው። እንዳትቀንስልኝ» አለችኝ። ከዚያ ለእናቱ የተሰጣቸው መድኃኒት የሌላ ሰው እንደነበር፣ በገዛ እጇ እንደሰጠቻቸው፣ ወባው ይሁን ክኒኑ የገደላቸው እርግጠኛ መሆን እንደማትችል፣ ክኒኑ ነው ብላ ግን እንደምትፈራ ነገረችው። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ወንዶቹ ጊሌያቸውን፣ ያን ቆልማማ ጩቤ፣ ታጥቀዋል፤ ቃሉን ለዘብ ማድረግ በጣም አምሮኝ ነበር። እንዳለችው ተረጎምኩት።

ሐመዱ መሬቱን በዱላው ጫፍ ጫር ጫር አደረገ። ከዚያ ቀና ብሎ እሷን እያየ ተናገረ።

«ሞት የአላህ ነው። ባትመጪ ኖሮ አናውቅም ነበር። ሰው ከእንግዲህ ወደ እናንተ ይምጣ አይምጣ እኔ አልወስንም። ዳጉውን ግን እንደነገርሽኝ ሙሉውን አደርሰዋለሁ፤ መግደልሽንም መምጣትሽንም።»

ወተት አስመጣላት። ሐዘን ቤት ላይ፣ ለገዳይዋ። እምቢ አይባልም። እንባዋ ወተቱ ውስጥ እየወረደ ጠጣችው።

ሐመዱ ቃሉን ጠበቀ። መጀመሪያ የደረሰው የዳጉው ግማሽ ነበር መሰለኝ፤ ግቢያችን ጭር አለ። ሲስተር ዘውዴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስም የምትጠራው እስከ አያት ነበር፤ አንዳንድ ቀን የሚጠራ ሰው እንኳ ጠፍቶ ባዶውን አግዳሚ እያየች ትቀመጣለች። ከሳች። ቆይቶ ግን አንዲት ሴት ልጅ አዝላ መጣች፣ ከዚያ ሌላ። ሲመጡ የሚጠይቁኝ «ራሷ መጥታ የተናገረችው የቷ ናት?» ብለው ነው። አሳያቸዋለሁ። ሄደው ከፊቷ ይቀመጣሉ።

ይህን ግን ከኃላፊያችን በላይ ያሉት አላዩም። እነሱ ዘንድ የደረሰው አንዲት ነርስ ያለ ፈቃድ ወጥታ መሥሪያ ቤቱን አስወቀሰች የሚለው ነበር። ወደ ደጋ አዛወሯት። አውቶቡስ ስትሳፈር ያቺን ነጠላዋን ተከናንባ ነበር፤ አቅፋኝ ስታበቃ «ሕዝቡን አደራ» አለችኝ፤ የጽዳት ሠራተኛውን።

ከሄደች ብዙም ሳይቆይ ሐመዱ መጣ። ትንሽ ልጁን በሽርጡ ጠቅልሎ ታቅፏታል፤ ትኩሳቷ ከሩቅ ይታወቃል። አጠገቤ ደርሶ በአፋርኛ «ሴትዮዋስ?» አለኝ። እንደተዛወረች ነገርኩት። ኃላፊያችን ድምፁን ሰምቶ ወጣና፣ አምጣት፣ እኔ አክማታለሁ አለው። ከልቡ ነበር፤ ማከምም ያውቅ ነበር። ሐመዱ ልጁን እንደታቀፈ አንዲት ጥያቄ ጠየቀው። በአማርኛ ነው የጠየቀው፤ አማርኛ እንደሚችል ያን ቀን አወቅኩ።

«እናቴን ምን ገደላት?»

ኃላፊያችን እኔን አየ፣ ከዚያ መሬት መሬት አየ። «ወባ» አለ።

ሐመዱ ራሱን ነቀነቀ፣ ሽርጡን በልጁ ፊት ላይ ሸፈን አደረገና ወጣ። ሮጬ ሐዲዱ ጋ ደረስኩበት። እጁን ይዤ ለመንኩት፤ እውነቱን አንተም እኔም እናውቃለን፣ ሰውዬው ስለፈራ ነው፣ ልጅቷን ግን ያድናታል አልኩት። አልተቆጣኝም። «አንተን አምንሃለሁ፤ መርፌውን የምትይዘው ግን አንተ አይደለህም» አለኝና ሐዲዱን ተሻገረ።

ልጅቷ መሞቷን የሰማሁት በዳጉ ነው። እንደ ወጉ ሳይጨመር ሳይቀነስ ነው የተነገረኝ። መድኃኒት ሲሳሳት አንዲት አሮጊት ሞቱ። ሕፃኗ ግን በአንዲት ቃል ሞተች፤ መድኃኒቱ እዚያው መደርደሪያው ላይ እያለ።

«አባባ፣ የአያት ስም?» አለች ልጅቱ፣ ሦስተኛ መሆኑ ነው። ነገርኳት። አይታ አረጋገጠችና አወሳሰዱን አስረዳችኝ፣ እኔም መልሼ እንድነግራት አደረገች። ስላቆየችኝ ይቅርታ ጠየቀችኝ። «ጠይቂ ልጄ፣ የቅድመ አያቴን ስም ብትጠይቂኝም እነግርሻለሁ» አልኳት፤ ሳቀች። መሄድ ነበረብኝ። ግን ሐመዱ ትዝ አለኝና እጄ መስኮቱ ላይ ቀረ።

«የተሳሳታችሁ ቀንስ? ለሰውዬው ትነግሩታላችሁ?» አልኳት።

ሳቋ ቆመ። ወደ ኋላዋ፣ የአለቃዋ ክፍል ወደሚሆነው በር፣ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ «እሱን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለችኝ።

ቆሜ ጠበቅኳት። ሲያጉረመርም የነበረው ሰውዬ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ፤ ከእሱ ኋላ ያሉትም ተጠጉ። ፀሐዩ ያው ነበር፤ ግን ማንም ቶሎ በሉ አላለንም።