እናቴ ከበር የቀረችበት እሑድ

ባለፈው ሳምንት ከሞጣ ወደ ቢቸና ስመጣ፣ አንዲት ጎልማሳ ሴትዮ ባዶ ወንበር እያለ በአውቶቡሱ መተላለፊያ ላይ ቆመው ይጓዙ ነበር። ረዳቱ «እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ቆሞ ለሄደ ቅናሽ የለም!» ሲላቸው ተሳፋሪው ሳቀ። እሳቸው ግን «ተወኝ ልጄ፣ መቆም ይሻለኛል» ብለው ነጠላቸውን ከኋላ ወደ ታች ሳቡት። እኔ አልሳቅሁም። በአንድ የግንቦት ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እናቴም ነጠላዋን እንዲሁ ስትስብ አይቻለሁ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሞጣ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ወደ ቢቸና የመጣሁት እናትና አባቴ በማግስቱ ስለሚቆርቡ ነበር። ባልና ሚስት የሚቆርቡት አብረው ነው፤ በእኛ አካባቢ ብዙዎቹ ለዚህ የሚሰናዱት ደግሞ የሴቲቱ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ነው። እናቴ ከመስቀል ወዲህ አላየችም። ስምንት ወር ሲሞላት «እንግዲህ አርጫለሁ» ብላ ለንስሐ አባታችን ነገረች፤ ቀን ተቆረጠ። አባቴ ከረጅም ሕመም ከተነሡ ጀምሮ ከዚህ ሌላ ምኞት አልነበራቸውም። ለእሑዱ የተጠመቀው ጠላ ሽታ ጓዳውን ሞልቶት ነበር።

ለእናቴ የገዛሁትን ነጠላ ከቦርሳዬ ሳላወጣ ወደ ጓሮ ጠራችኝ። ከኮኩ ዛፍ ሥር ቆማ ነጠላዋን ከኋላ ወደ ታች ትስባለች። ዝናቡ ስለዘገየ የመንገዱ አቧራ ቅጠሉን ሁሉ አልብሶታል።

«ገነትዬ፣ መጣብኝ» አለች።

«ምኑ?»

«ያ የጠፋው ነዋ! እንደ ወትሮውም አይደለም፤ እንደ ውኃ ነው የሚወርደው።»

ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ማሕፀንን በሰሌዳ ላይ ሥዬ ለስልሳ ተማሪ አስረድቻለሁ። ከማረጥ በፊት ለወራት ጠፍቶ ድንገት በብዛት ሊመጣ እንደሚችልም አንብቤአለሁ። እናቴ ፊት ግን ከዚያ ሁሉ አንዲት ቃል አልወጣችልኝም። «ጤና ጣቢያ እንሂድ» ብቻ አልኋት።

«እዚያ ያለው የጎረቤታችን ልጅ አይደል? በእጄ ያሳደግሁት! ለሱ ምን ብዬ ልንገረው?» አለች። ቀጥላም «ይልቅ ላባትሽ ንገሪልኝ። ተማርሽ አይደል?»

እስከ ማታ ሦስት ጊዜ ጨርቅ ቀየረች። እኔም ሦስት ጊዜ ወደ አባቴ ሄጄ ሁለቴ ባዶዬን ተመለስሁ። በረንዳው ላይ ዳዊታቸውን ይደግማሉ። በሦስተኛው፣ «አባባ፣ እማዬን አሟታል» አልሁ።

«ምኗን?»

መሬት መሬት አየሁ። «ራሷን።»

ፊታቸው ፈካ። «ራስ ምታት ነው? እሱማ ነገ ስትቆርብ ብን ብሎ ይጠፋል!» ብለው ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

ያልሁትን ለእናቴ ስነግራት አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ግድግዳውን ተደገፈች።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ሦስታችንም ነጭ ለብሰን ወጣን፤ እናቴ የገዛሁላትን ነጠላ ደርባለች። አሁን ትነግራቸዋለች ስል፣ እሷም አሁን ትናገራለች ብላ እኔን ስታይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደረስን። አባቴ ወደ ኋላ ሳይዞሩ ወደ ወንዶቹ በኩል አለፉ። እናቴ ከቅጥሩ በር ውጭ ቆመች።

ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ ከኋላችን ደረሱ። «ሙሽሪት! ሙሽራው ገብቶ አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ? ሚዜ አጣሽ?»

እናቴን ቀደምኋት። «በእኔ ነው እትዬ። እኔ ዛሬ መግባት አልችልም። ብቻዬን እንዳትተወኝ ብዬ ነው።»

«ኧረ ጉድ! አንቺ ወጣት ነሽ፣ እግርሽ አይሰበርም፣ ቁሚ! እሷን ልቀቂያት» አሉና የእናቴን እጅ ይዘው ወደ ውስጥ ይስቧት ጀመር።

ገብቼ ለአባቴ ልንገር ብል አልችልም፤ አልገባም ያልሁት ራሴ ነኝ። እናቴ እየተሳበች ወደ እኔ ዞረች። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

«ይልቀቋት!» አልሁ። «ዋሽቼ ነው። ደም የሚፈሳት እማዬ ናት። ከትናንት ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ አልቆመም!»

በአጥሩ ሥር የቆሙት ሴቶች ሁሉ ዞሩ። እትዬ ጥሩወርቅ እጇን አልለቀቁም፤ ግን መሳባቸውን ትተው ከብብቷ ሥር ገብተው ደገፏት።

«እኔንም ሁለት ዓመት እንዲህ አድርጎኛል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለማን ይወራል? በሉ ሂዱ፤ ለባልሽ እኔ መልእክት እልካለሁ።»

አዲሱን ነጠላ ወገቧ ላይ አስሬ ወደ ጤና ጣቢያው ቁልቁል ይዣት ወረድሁ። ነጭ የለበሰው ሰው ሁሉ ሽቅብ ሲወጣ፣ ወደ ታች የምንሄደው እኛ ብቻ ነበርን። መንገዱን ሳናጋምስ አባቴ ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ ደረሱብን። በሌላ በኩል ደገፏት። ጥቂት እንደሄድን፣ «ራሷን ነው አልሽኝ እኮ» አሉ።

በጤና ጣቢያው የሰጧት ክኒን ደሙን ለጊዜው አቆመላት። ከዚያ በኋላ አንዴ ሁለት ወር ይጠፋል፣ አንዴ በሳምንቱ ይመለሳል። ደፍሮ ቀን የሚቆርጥ ጠፋ። አባቴ በዓመቱ ዐረፉ፤ አብረው ሳይቆርቡ።

ያቺ የአውቶቡሱ ሴትዮ ደብረ ወርቅ ላይ ሊወርዱ ሲሉ፣ ጥቁር ሹራቤን አውልቄ ሰጠኋቸው። ምንም ሳይጠይቁኝ ወገባቸው ላይ አሰሩት። አንድ ነገር ልላቸው አፌን ከፈትሁ። እሳቸውም ለመስማት ቆም አሉ። ረዳቱ በሩን እየመታ «ቶሎ በሉ እማማ!» አለ፤ ወረዱ። ያ ሁሉ የማስተምረው ቃል አሁንም አፌ ውስጥ ቀረ።