ከንጣፉ ውጭ የቀረችው ጣት

ጫማ መሸጫው ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የመሮጫ ጫማ ልትቀይር መጥታለች። ጫማው እንደ ካልሲ የሚጠቀለል፣ ሶሉ ስስ፣ አፍንጫው ግን ጠባብ ነው። ቱታዋ ላይ የደረቀ ላብ ነጭ መስመር ሠርቷል፤ የሁለት የእግር ጣቶቿ ጥፍር ጠቁሯል።

«እህቴ፣ ሲለበስ እኮ ይሰፋል» አላት ሻጩ።

ንጣፉን ከጫማው ውስጥ መዝዛ አወጣችና መሬት ላይ ዘርግታ በባዶ እግሯ ቆመችበት። ትንሿ ጣቷ እንዳለች ከንጣፉ ውጭ ቀረች።

«ይቺ የት ትሂድልህ? ልቁረጣት?»

«ባለቤትሽ ነዋ የመረጠው! ለሴት እግር ትልቅ ጫማ አያምርም አለኝ።»

ፊቷ ደም መሰለ። «ጠበበኝ ባልኩት ቁጥር ትለምጂዋለሽ ይለኛል። ቤቱንም፣ እናቱንም፣ ጫማውንም! እኔ ተቆለመምኩ እንጂ የሰፋ ነገር አላየሁም።»

የሰው ጠብ ማየት አልወድም፤ ከእሷ ላይ ግን ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ከወንዶቹ መደርደሪያ አፍንጫው ሰፊ የሆነ ጥንድ ራሷ አውርዳ አጠለቀች። ጣቶቿ ውስጡ ሲላወሱ ከላይ ይታያሉ። ቁጣዋ ግን አልበረደም።

ሻጩ ጠባቡን ሊያነሳ እጁን ሲሰድ ቀደመችው።

«ተወው፣ የሰፊውንም ዋጋ እከፍላለሁ። ይህን ጠባቡን ለገዛው ሰው አደርስለታለሁ። እስኪ እሱ ይልመደው!»